የጋራዡ ዘይት

ሴትዮዋ አፍንጫዋን በነጠላዋ ሸፍና የጋራዡን ሲሚንቶ በነጭ ጋዝና በኦሞ ትፈትጋለች። ያረጀው ጥቁር ዘይት ጥፍሯ ውስጥ ገብቶ ያቅለሸልሻታል።

«ኤጭ! ሰውዬው ምን ዓይነት ቆሻሻ ነው!»

ማታ ማታ ታክሲውን እዚህ የሚያሳድረውን ሸዋንግዛውን ያባረረችው ትናንት ነው።

«እትዬ፣ በማርያም! የኔ መኪና አንድ ጠብታ አታፈስም» ብሎ ለምኗት ነበር።

«የእመቤቴን ስም በውሸት አትጥራ! የማኅበሬን ሰዎች እዚህ ጭቅቅት ላይ ላስቀምጥ?»

ሰጋቱራ በትና ጠረገችው። ወለሉ ነጣ። «ተመስገን» አለች።

ቀን ቀን ምሳ ሊበላ የሚመጣው ልጇ መኪናውን እንደ ልማዱ ጋራዡ ውስጥ አቁሞ ጉንጯን ሳማት።

«እማ፣ ባለታክሲውን አባረርሽው? እሰይ፣ ደግ አደረግሽ!»

በልቶ ሄደ። የጋራዡን በር ልትዘጋ ስትወጣ፣ በነጣው ወለል መሀል ጥቁር ዘይት ሰሃን አክሎ ተኝቷል።