ሣህሉ ሄርማታ ጭፈራ ቤት ምን ይሠራ ነበር?

የባለቤቴን የሣህሉን ሞት የነገሩኝ ዓርብ ጎህ ሲቀድ ነው። ሐሙስ ማታ እህቱ ሸዋረገጥ ደውላ፣ «ሣህሉ ሰቃ ከተማ መኪና አጥቶ እዚያው ሊያድር ነው፣ ተኚ» ብላኝ ነበር። እሷ ይህን ስትል እሱ አስከሬን ክፍል ነበር። መርዶ በማታ አይነገርምና ዋሸችኝ፤ በዚህ አልቀየምኳትም።

ጠዋት የዕድር ሰዎች ግቢውን ሞልተው ሳይ ገባኝ። አልቅሼ ሲወጣልኝ፣ «የት ነው የሞተው? ሰቃ ነው?» አልኩ። አንዱ ሌላውን አየ።

የነገረችኝ ሸዋረገጥ ናት፣ ድንኳኑ ከተነሣ በኋላ።

«እዚሁ ሄርማታ ሰፈር ነው። ጭፈራ ቤቱ ውስጥ።»

ያንን ቤት ጅማ ውስጥ የማያውቀው የለም። ያሠሩት ሐጂ አብዱልፈታሕ የሚባሉ የቡና ነጋዴ ናቸው። ታች ቡና ይከመር ነበር፣ ፎቁ ላይ ቤተሰባቸው ይኖር ነበር። በደርግ ጊዜ ተወረሰና ሐኪም ቤት ሆነ፤ ግማሹ ከተማ እዚያ ታክሟል፣ እኔም ተኝቼበታለሁ። ቀጥሎ የቀበሌ መደብር ሆነ፣ ቀጥሎ ተዘግቶ የርግብ መጫወቻ ሆነ። አሁን መስኮቶቹ ጥቁር ተቀብተዋል፣ በረንዳው ላይ ቦግ እልም የሚል አምፖል ተሰቅሏል። በዚያ ባለፍኩ ቁጥር ፊቴን አዞራለሁ።

ሣህሉ ቡና ቀማሽ ነበር። ምላሱ እንዳይበላሽ ዕድሜ ልኩን መጠጥ አልቀመሰም። ጡረታ ከወጣም በኋላ ሐሙስ ሐሙስ ምሳውን በልቶ፣ «ሰቃ ወርጄ ቡና አይቼ ልምጣ» ይለኝ ነበር። ካልሲውን የማጥበው እኔ ነኝ። የሰቃ ቀይ ጭቃ ጫማው ላይ ለምን እንደማይገኝ አንድ ቀን ጠይቄው አላውቅም።

«ያው ወንድ አይደል» አለች ሸዋረገጥ። «ቤቱ ባዶ፣ ልጅ የለ። ፈልጎ ይሆናላ።»

«ወንድምሽን ነው እንዲህ የምትዪው?»

«ወንድሜ ስለሆነ ነው የማውቀው።»

አርባው ሲቃረብ ወደ ነፍስ አባታችን ወደ አባ ፍሬሰላም ሄድኩ። ገብረ ሥላሴ ብለው እንዲያነሡት የክርስትና ስሙን ሰጠኋቸው።

«እንደ ልማዱ ወለተ ጊዮርጊስንም ልጨምር?» አሉኝ።

«ወለተ ጊዮርጊስ ማን ናት?»

መስቀላቸውን ከአንዱ እጅ ወደ ሌላው አዛወሩ። «አልነገረሽም?»

«ማን ናት፣ አባቴ?»

«ልጄ፣ በንስሐ የሰማሁትን አላወጣም። እኔን አትጠይቂኝ።»

እግራቸው ላይ ወድቄ ለመንኩ፤ አልተናገሩም። ተናድጄ ወጣሁ። አንዲትን ሴት በክርስትና ስሟ መፈለግ ምን ያህል ጭንቅ እንደሆነ የሞከረ ያውቀዋል። ጎረቤቴን፣ ስንት ዘመን አብሬያት የኖርኩትን፣ በክርስትና ስሟ አላውቃትም።

በማግስቱ ከነጥቁር ልብሴ ሄርማታ ሄድኩ። ጭፈራ ቤቱ ገና አልተከፈተም። በረንዳው ላይ ሶሲ የምትባል አስተናጋጅ ተቀምጣ ጥፍሯን ትቀባለች።

«የክርስትና ስምሽ ማን ነው?» አልኳት።

«ማዘር፣ የክርስትና ስሜን ፖሊስም ጠይቆኝ አያውቅ!» ሳቀች። ልብሴን ስታይ ሳቋን ዋጠች። «ፍቅርተ ማርያም።»

«ወለተ ጊዮርጊስ የምትባል አለች?»

«ሔራን ጴንጤ ናት፣ የክርስትና ስም የላትም። ሶረቲ ሙስሊም ናት። ሌሎቹን እንጃ። ምን አደረገችዎት?»

«ባሌን ወሰደችብኝ።»

«እዚህ የሞቱት ሽማግሌ ባልዎ ናቸው እንዴ?» ብድግ አለች። «ኧረ ማዘር፣ እሳቸው እኛን ቀና ብለው አይተውን አያውቁም። ጋሽ ጀቤሳን ይጠይቋቸው፤ የሚከፍቱላቸው እሳቸው ናቸው።»

ጀቤሳ ዘበኛው ነው። ጓሮ አገኘሁት። ሲያየኝ ደነገጠ፤ ያሳቀፉትን ዕቃ ጥሎ እንደሰበረ ሰው።

«ኦቦ ጀቤሳ፣ ሣህሉ ከማን ጋር ነበር የሚገናኘው?»

«ኤዬ፣ አዴ፣ ከማንም ጋር አይገናኙም። ሐሙስ ከሰዓት፣ ቤቱ ጭር ሲል ይመጣሉ። ይቺን ክፍል እከፍታለሁ። ጫማቸውን በር ላይ ያወልቃሉ፣ ይገባሉ፣ ይቀመጣሉ። ከዚያ ይሄዳሉ።»

ክፍሏን ከፈተልኝ። ጠባብ ናት፤ እስከ ጣሪያዋ የቢራ ሳጥን ተደርድሮባታል። መሐል ላይ አንዲት የመቀመጫ ዱካ ቀርታለች። አልጋ የለም፣ መስታወት የለም፣ የሴት ዕቃ የለም። ይበልጥ ተናደድኩ።

«ጫማውን አውልቆ ከቢራ ሳጥን ጋር ሊጫወት ነው የሚመጣው? ለምን ይዋሹኛል? እህቱ ትዋሻለች፣ ቄሱ ይደብቃሉ፣ እርስዎ ደግሞ በዚህ ዕድሜዎ! ሴት አለች። ስሟን አውቄዋለሁ። ወለተ ጊዮርጊስ ነው የምትባለው!»

ጀቤሳ ኮፍያውን አወለቀ።

«ማሎ፣ አይጩኹ፣ አዴ። ነግረውዎት የሞቱ መስሎኝ ነበር። እኔ ያኔም፣ ይሄ ቤት ሐኪም ቤት ሳለ፣ ዘበኛ ነበርኩ። እርስዎ እዚችው ክፍል ተኝተው ራስዎን አያውቁም ነበር፤ ሐኪሙም አይተርፉም ብሎ ነበር። ጋሽ ሣህሉ፣ ‹ሩጥ፣ ቄስ ጥራልኝ፣ ሕፃኗ ሰማንያ ቀን አትቆይም› አሉኝ። ሮጥኩ። ውሃውንም የቀዳሁት እኔ ነኝ።»

ይህን ያነበባችሁ ሁሉ፣ ገብረ ሥላሴን በጸሎታችሁ አስቡልኝ፤ ወለተ ጊዮርጊስንም አስቡልኝ፣ ስም ሳይወጣላት ሞተች ያሉኝ ልጄ ናት።