የመርከቢቱ መርዶ

«ሠላሳ ሜትር ላይ ነው የተኛችው» ይላል አንለይ፣ የላፕቶፑን መስታወት በጣቱ እየነካ። «መጀመሪያ ቀን ላይ ላዩን ብቻ እናያለን። ወደ ሞተር ክፍሉ የምንወርደው ውኃውን ከለመድነው በኋላ ነው።»

«ሞተር ክፍሉ ውስጥ አንገባም» እለዋለሁ። «በሩ ላይ ቆመን መብራት እናበራለን፣ በቃ።»

«በር ድረስ ሄዶ የማይገባ ጎጃሜ አይተህ ታውቃለህ?»

እትየ የብርጓል ትስቃለች። አክስቴ ናት፤ ደብረ ማርቆስ የምኖረውም እሷ ቤት ነው። ብርሃን እንድታገኝ በሩ አጠገብ ዱካ ላይ ተቀምጣ ነጭ ሽንኩርት ትልጣለች።

«በነቢያት ጾም ነው አሉ የምትሄዱት» ትላለች። «ዓሣ መሃል ገብታችሁ እንዴት ልትሆኑ ነው?»

«ማየት ጾም አያስፈታም፣ እትየ» ይላታል አንለይ። «እነሱ እኛን እንዳይበሉን እርስዎ ይጸልዩልን።»

ሁለታችንም ዩኒቨርሲቲው ውስጥ እናስተምራለን። ጠልቀን መዋኘት የተማርነው ለዓሣ ጥናት ጣና ውስጥ ነው፤ እዚያ ውኃው ደፍርሶ የገዛ እጃችንን እንኳ አናይም ነበር። አሁን ጅቡቲ የተዋወቅናቸው ጠላቂዎች ጀልባ ይዘው ሁለት ቦታ ትተውልናል። የሚሄዱት ሕንድ ውቅያኖስ መካከል ወዳለ ላጉን ነው፤ የኮራል ድንጋይ እንደ ቀለበት ከቦት ማዕበል የማይደርስበት ጸጥ ያለ ባሕር። ማንም የማይኖርበት ቦታ ስለሆነ ምግቡም፣ የአየር ሲሊንደሩም፣ ሐኪሙም አብሮ ይጫናል። መምጣት አለመምጣታችንን ዛሬ መናገር አለብን።

አንለይ አንድ ሰው ውኃ ውስጥ ያነሣውን ፎቶ ይከፍታል። መርከቢቱ በጎኗ ተጋድማለች። አሸዋው ነጭ ነው፤ ውኃው ጥርት ያለ። በደስታ ላፕቶፑን አንሥቼ ወደ በሩ አዞረዋለሁ።

«እትየ፣ እዪ እስቲ። የአጎቴ የመሳፍንት መርከብ እኮ ናት።»

ቢላዋው ይቆማል።

መሳፍንት ታናሽ ወንድሟ ነው። ከአሰብ በተነሣች የጭነት መርከብ ላይ ሞተረኛ ነበር። እኔ ሳልወለድ መርከቢቱ ከነሰዎቿ ቀረች። ቤተ ዘመዱ ሁሉ መሞቱን ያውቃል፤ ስሙ ሲነሣ «ነፍሱን ይማረው» ሲባል እየሰማሁ ነው ያደግሁት። ይህ የሚባለው ግን እሷ በሌለችበት ብቻ እንደነበር የማስተውለው ገና አሁን ነው።

በእኛ አገር መርዶ የሚነገረው ሊነጋጋ ሲል ነው። ሽማግሌዎቹና ንስሐ አባቱ ጎረቤቱን አስከትለው በር ያንኳኳሉ፤ የሚያለቅሰውን ሰው የሚይዙ እጆች ተዘጋጅተው ይገባሉ። ያን ጊዜ ግን «ሬሳ አልተገኘም፣ ትንሽ እንጠብቅ» ተባለ። መንግሥት ተለወጠ። ሊነግሯት ይገባ የነበሩት ሰዎች አንድ በአንድ አለቁ። እሷ ጥቁር አልለበሰችም፤ ተዝካር አላወጣችም። እኔ ደግሞ በጠራራ ፀሐይ፣ ሽንኩርት እየላጠች፣ ላፕቶፕ አዞርሁባት።

«ማን ላከህ?» ትለኛለች።

«ማንም አልላከኝም፣ እትየ።»

«አካለ ወልድ ያውቃል?» የቀረው ታላቅ ወንድሟ ነው።

«አያውቅም።»

«ታዲያ ብቻህን ነው የምታረዳኝ?»

አንለይ እጁን ዘርግቶ ላፕቶፑን ሊከድነው ሲል «ተወው» ትለዋለች። ተነሥታ ትቀርባለች፤ ጎንበስ ብላ ታያለች። ጣቷን ወደ መስታወቱ ታስጠጋና ሳትነካው ትመልሳለች።

«እርግጠኛ ነህ?»

መዋሸት እችላለሁ፤ በሁለቱም በኩል። «የመርከቢቱ ስም አፍንጫዋ ላይ ይነበባል ይላሉ» እላታለሁ። «እኔ ግን አላየሁትም። ሰው ነው የነገረኝ።»

«እንግዲያማ አልነገርኸኝም።»

«እትየ፣ ካልፈለግሽ እቀራለሁ። እውነቴን ነው።»

«ለምን ትቀራለህ? አገር ለአገር ለዓሣ ስትዞር ከርመህ ለሰው ሲሆን ትቀራለህ?» ድምጿ ይሰበርና ይመለሳል። «ሂድ፤ በዓይንህ እይ። ስሟን አንብብ። ግን ከዚያ ሆነህ እንዳትደውልልኝ። ስትመለስም እዚህ እንዳትገባ። ቀጥ ብለህ አካለ ወልድ ቤት ሂድ። እሱ ሰው ይሰብስብ፤ ንስሐ አባታችንንም ይጥራ፤ ጎሕ ሲቀድ ኑ። እኔ እዚህ ተኝቻለሁ። ምንም የሰማሁት የለም።»

«እሺ፣ እትየ።»

«አንተስ?» ትለዋለች አንለይን።

«እኔም አልሰማሁም፣ እትየ።»

ነጠላዋን አስተካክላ ትወጣለች። የተላጠው ሽንኩርት ሳህኑ ላይ እንዳለ ነው። አንለይ ፎቶውን ይዘጋና ለጅቡቲዎቹ እንደምንመጣ ይጽፋል። ሳይልከው ቀና ብሎ ያየኛል፤ ራሴን በእሺታ እነቀንቅለታለሁ።

ከውጭ አንድ ከባድ ነገር ሲጎተት ይሰማል።

ስንወጣ ግቢው መካከል ከተከመረው የማገዶ ግንድ አንዱን ይዛ ወደ አጥሩ ትጎትታለች። ክምሩ እኔ እዚህ ቤት ከገባሁ ጀምሮ ከቦታው ተነቅንቆ አያውቅም።

«እትየ፣ ምን እያደረግሽ ነው?»

«ይሄ ሁሉ ሰው ሲመጣ የት ይቀመጣል?» ትላለች ሳታየኝ።

የግንዱን ሌላ ጫፍ እይዛለሁ። አንለይም እጅጌውን ሰብስቦ ይመጣል። ግንድ ባነሣን ቁጥር ከሥሩ ፀሐይ ያላየ ሣር ይገለጣል፤ ነጭ፣ መሬት ላይ የተኛ። ገና ከግማሽ ሳንደርስ የተጠረገው ቦታ ለድንኳን የሚበቃ ሆኗል። እሷ ግን አታቆምም።