ኳሱ የሚታጠፍበት ቦታ

ወለል ሁሉ በኤሌክትሪክ እየሠራ እግር እንዲይዝ በሕግ ከታዘዘ ወዲህ በከተማው ሰው አዳልጦት አያውቅም። ወይዘሮ ቤዛዊትም ባላቸው ይልቃል መታጠቢያ ቤት አዳልጦት ወድቆ ከሞተ ወዲያ ሕጉ እንዲወጣ ከፈረሙት አንዷ ናቸው። የዘጠኝ ዓመቷ የልጅ ልጃቸው ሶልያና ጉልበቷ ላይ አንዲት ጠባሳ የላትም።

ዛሬ ልጅቷ የሟች አያቷን የቦውሊንግ ኳስ ከአልጋ ሥር ጎትታ አወጣችና በኮሪደሩ አንከባለለችው። እንደ ተወጠረ ክር ቀጥ ብሎ ሄደ።

«የአያትሽስ ይታጠፍ ነበር» አሉ ወይዘሮ ቤዛዊት፤ «ጠርዙን ይዞ ሄዶ ሄዶ፣ በቃ ሳተ ስንል፣ ዞር ብሎ ጫፍ ላይ የተደረደሩትን እንጨቶች መሀላቸውን!»

«ኧረ እማማ! ኳስ መሪ አለው እንዴ?»

«መሪው ዘይት ነዋ። ኳሱ የሚሄድበት ጣውላ መጀመሪያው ዘይት ይቀባል። ኳሱ እየሾረ ይንሸራተትና ደረቁ ጋ ሲደርስ ወለሉን ነክሶ ይታጠፋል። ካልተንሸራተተ አይታጠፍም።»

«መንሸራተት ምን ይመስላል?»

 ወይዘሮ ቤዛዊት ግድግዳው ላይ ያለውን የወለሉን ማጥፊያ ተጫኑና የኮሪደሩን እኩሌታ የምግብ ዘይት ቀቡ። «ንቅንቅ እንዳትዪ፣ አደራ!» ኳሱን ይልቃል እንዳሳያቸው ጠምዘዝ አድርገው ለቀቁት። ግድግዳውን ታክኮ ሄደ፣ ሄደ፣ ከዚያ እንደ ድሮው ዞር አለ። እንባቸው መጣ።

ሶልያና እየጮኸች ተከተለችው። ዘይቱ ላይ ተንሸራተተችና ደረቁ ጋ ስትደርስ በጉልበቷ ተደፋች።

«በስመ አብ!» የወይዘሮ ቤዛዊት ጣት ማብሪያው ላይ አረፈ።

ልጅቷ የተላጠ ጉልበቷን በመገረም አየችና ሳቀች። «እማማ፣ ድገሚው!»

ጣታቸው እዚያው ቆየ፣ ቆየ። ከዚያ ሳይጫኑ አነሱትና፣ «ኳሱን ወደኔ አንከባልዪልኝ» አሉ፤ «ካለሽበት ግን ንቅንቅ እንዳትዪ።»