አዳር እትዬ ገበያነሽ ቤት

«ተለወጠ ማለት ምን ማለት ነው?» አለች ውብነሽ፣ ሁለት እጇን ጀንበሬ ጠረጴዛ ላይ ተክላ።

ጀንበሬ እንደገና ነገራት። የነገ ጠዋቱ የአዲስ አበባ በረራ ወደ ማታ ተዛውሯል። ማታ እዚያ ስትደርስ የጎንደሩ አውሮፕላን ከሄደ ቆይቷል። ስለዚህ አዲስ አበባ እትዬ ገበያነሽ ቤት፣ አክስቷ ዘንድ፣ ታድርና በማግስቱ ትቀጥላለች። ይህን ሁሉ ሲናገር ዓይኑን ከኮምፒውተሩ አልነቀለም።

ጀንበሬ የምድር ባቡር ሠራተኛ ልጅ ነው፤ እዚሁ ጅቡቲ ተወልዶ እዚሁ የሸበተ። ሰው ቤት የሚሠሩ የሐበሻ ልጆች ቲኬት የሚቆርጡት እሱ ጋ ነው። በቋንቋቸው ያስረዳቸዋል፣ አያታልላቸውም።

ውብነሽ አዳር የሚባል ነገር መስማት አልፈለገችም። እናቷ ጎንደር ሆስፒታል ከተኛች ሰንብታለች። ወንድሟ ወልደየሱስ ከትናንት ወዲያ ደውሎ «ድረሺ» አላት። «ድረሺ» ከተባለ በኋላ አንዲት ሌሊት ምን እንደምታህል ያስታመመ ያውቃታል። ፕላቶ ዱ ሰርፓን ሰፈር የምታሠራት ማዳም ፓስፖርቷን ከካዝና እስክታወጣላት ድረስ እግሯ ላይ ወድቃለች፤ አሁን ደግሞ ይሄ!

ለመነችው። በሌላ አየር መንገድ አለችው። በድሬዳዋ ዞሬም ቢሆን አለችው። ቆሜም እሄዳለሁ አለችው፤ አውሮፕላን እንደ አውቶቡስ ቆመው የሚሄዱበት ይመስል። ጀንበሬ ለሁሉም አይሆንም አለ።

«ጋሽ ጀንበሬ፣ ዓይኗን ሳላየው ብትሞትብኝስ? ለእርስዎ አንድ አዳር ነው። ለእኔ እናቴ ናት እኮ።»

«እግዚአብሔር ያውቃል፣ ልጄ» አለና ከንፈሩን ነከሰ።

በዚህ መሀል ሙጠሊብ ገባ። ካርቲየ ሰባት ሰፈር ጨርቅ የሚሸጥ የድሬዳዋ ሰው ነው፤ ከኢትዮጵያ የሚመጣው የዕለቱ ጫት ከመድረሱ በፊት ጉዳዩን ሊጨርስ ይጣደፋል። ወዲያ ማዶ ወዳለችው ወደ ጀንበሬ ረዳት፣ ወደ ዘቢባ ሄዶ፣ የነገው የአዲስ አበባ በረራ እንዴት ነው ሲል በሶማሊኛ ጠየቃት። እንደተለመደው ጠዋት ነው፣ ምንም የተነካ ነገር የለም ብላ ቲኬቱን ሰጠችው።

ውብነሽ ሶማሊኛውን ገበያ ስትላክ ለቅማዋለች። ሁሉንም ሰማች።

ደሟ ፈላ። ወንበሬን ለነጋዴ ሸጠው አለች በሆዷ፤ ወዲያው ደግሞ በአፏ። እርስዎ ማለቱ እዚያው ላይ ቀረ። «አንተ ሌባ! የድሃ እናት እናት አይደለችም? ያንተም እናት ስምህን እየጠራች፣ ደጅ ደጁን እያየች ትሙት!»

ዘቢባ አፏን ያዘች። የጀንበሬ እናት ከሞተች ገና ዐርባዋ አልወጣም። ውብነሽ ይህን ከየት ታምጣው?

ጀንበሬ እርግማኑን ዋጠው። ሌባ መባሉንም አብሮ ቢውጠው ደግ ነበር። ግን ሰው ነውና፣ ዕድሜውን ሙሉ የጠበቀው ስሙ በነጋዴ ፊት ሲጎድፍ አላስቻለውም።

«ወንድምሽን ጠይቂው» አለ። «በማታው አድርግልኝ ያለኝ እሱ ነው።»

ቃሉ ካፉ ሲወጣ ሊመልሰው ፈለገ። ካፍ ከወጣ አፋፍ፤ ምን ይመልሰዋል!

ውብነሽ እጇን ከጠረጴዛው አነሳች። ድረሺ ያላት ወንድሟ እንድትዘገይ ፈለገ? ለምን? ከዚያ እትዬ ገበያነሽ ትዝ አለቻት። ጀንበሬ የአክስቷን ስም ከማን ሰማ? እሷ አልነገረችውም።

እሷም አገሯ ሳለች ስንት ሰው አርድታለች። ከሩቅ የሚመጣን ልጅ በጠራራ ፀሐይ ድንኳን ላይ ማድረስ ነውር ነው። መንገድ ላይ ዘመድ ቤት ያሳድሩታል። እራት ያበሉታል፣ ትንሽ ተሽሏታል ይሉታል። ጎህ ሲቀድ ነጠላቸውን ያዘቀዘቁ ሰዎች ግር ብለው ይገባሉ።

«ቀበሯት?» አለች፣ በጣም ቀስ ብላ።

ጀንበሬ ከጠረጴዛው ወዲህ ዞሮ መጣ። ድምፁን ዝቅ አደረገ። «እኔ አልነገርኩሽም። ቃል ገብቼለታለሁ። እባክሽ ልጄ፣ እዚህ አታልቅሺ። እስከ ከነገ ወዲያ ንጋት እንዳልሰማሽ ሁኚ። እዚያ ዘመድ መሀል፣ እንደ ወጉ ታለቅሻለሽ።»

አዝኖላት ነው እንዲህ ማለቱ። ከዚህ የከፋ ነገር ግን በዕድሜዋ ማንም አልጠየቃትም፤ ማዳምም ብትሆን።

ጩኸቱ ጉሮሮዋ ድረስ መጣ። ዞር ብላ አየች። ዘቢባ አለች፣ የጨርቁ ነጋዴ አለ፣ ከደጅ ጫት የሚጠብቅ ሰው ተኮልኩሏል። አብሯት ደረት የሚመታ አንድም የለም። ለቅሶ ብቻን እንዴት ይሆናል? ጩኸቷን መልሳ ዋጠችው፣ አቃጠላት።

ስልኳ ጠራ። ወልደየሱስ ነው። በረራው ተለወጠ አሉኝ፣ አይዞሽ አላት፤ ድምፁን እንደምንም ብሎ አድምቆታል። ከኋላው የብዙ ሰው ጉምጉምታ ይሰማል። እማዬ ዛሬ ሾርባ ቀመሰች አላት። ስምሽን ስትጠራ ነው የዋለችው አላት።

ጀንበሬ ዓይን ዓይኗን ያያል። በሁለት እጁ ይለምናታል።

«እሺ» አለች ውብነሽ። «መጣሁ፣ ትጠብቀኝ በላት።»