አሥራ ስምንተኛው ፊርማ

«ኢፍራህ፣ ሁለቴ ፈርመሻል መሰለኝ፤ አንድ ወረቀት ተርፏል» አለች የታሪክ መምህርቷ ሻምሶ።

«ኧረ እኔ አንዴ ነው የፈረምኩት፣ ቲቸር!» አለች የክፍል አለቃዋ ኢፍራህ እየሳቀች። «አሥራ ስምንት ነን፣ አሥራ ስምንት ሰበሰብኩ።»

ሻምሶ ወረቀቶቹን እንደገና ቆጠረች። ጦርነቱ ሀርጌሳን ካስጨነቀ ወዲህ ክፍሉ ውስጥ የቀሩት አሥራ ሰባት ናቸው። በየተርሙ መጀመሪያ ተማሪዎቿ የክፍሉን ደንብ አንብበው በየወረቀታቸው ይፈርማሉ። አራተኛው ደንብ «ሦስት ቀን የቀረ ተማሪ ስሙ ለጸጥታ ቢሮ ይተላለፋል» ይላል። ባለፈው ተርም አብሺር ሦስት ቀን ሲቀር፣ ደንብ ነው ብላ ስሙን ከነሰፈሩ ጽፋ ያስተላለፈችው እሷ ናት። በማግስቱ ወታደሮች ከአማፂዎቹ ጋር ተቀላቅለሃል ብለው ከቤቱ ወሰዱት። በሳምንቱ እናቱ ቀበረችው። ሻምሶ ለቅሶ ለመድረስ እንኳ አልደፈረችም፤ ደንቡንም ዳይሬክተሩን ፈርታ እንዳለ ተወችው።

የመጨረሻውን ወረቀት ገለጠች። የአብሺር ፊርማ ነበር፤ የዛሬ ቀን ተጽፎበታል። ከአራተኛው ደንብ ጎን በዚያ በሚያምር የእጅ ጽሑፉ «ገብቶኛል» ብሏል።

መዝገቡን አንስታ ስም መጥራት ጀመረች። የተሰረዘው ስም ላይ ስትደርስ ልታልፈው አልቻለችም።

«አብሺር።»

«አለሁ፣ ቲቸር» አለ ከኋላ።

ኢፍራህ አግዳሚው ላይ ፈቀቅ ብላ ቦታ ለቀቀችለት።