ከሩቅ የሚታይ ሸሚዝ

ቸሩ የስክሪኑን ጎን በመዳፉ ጠፈጠፈው። ምንም ለውጥ የለም። ከጠዋት ጀምሮ ቢጫ የነበሩት ፎልደሮች አረንጓዴ ሆነዋል፤ ነጩም ወደ ሰማያዊ ሄዷል፤ ቀይ የሚባል ቀለም ከማሽኑ ላይ ጭራሽ ጠፍቷል። ገመዱን ነቅሎ እፍ አለበት፣ መልሶ ሰካው፣ ብሎኖቹን አጠበቀ። አሁንም ያው ነው።

"የኢንተርኔቱ መስመር ነው እንዴ ጋሼ?" አለች ከኋላው የተቀመጠችው ልጅ።

"አዎ፣ እንደዚያ ነገር ነው" አላት ዞር ሳይል። በዚህ ሙቀት ለማያውቅ ሰው ስለ ስክሪን ቀለም ማስረዳት ማን ይችላል? ይህችን ቃል በኋላ መልሶ ሊውጣት ቢፈልግ ከየት ያገኛታል!

ቸሩ የባቡር ሠራተኛ ልጅ ነው፤ በወደብ ከተማዋ ካርቲየ 1 ሰፈር ተወልዶ እዚያው ሃምሳ ዓመት ሞላው። በዚህች ባለ አንድ በር ኢንተርኔት ቤቱ አራት ኮምፒውተሮች ነበሩት። ሄድ መለስ የሚለው መብራት ሦስቱን በልቶበት የቀረው ይኼው ነው።

ልጅቷ ሲምቦ ትባላለች። ታናሽ ወንድሟ ጉታ ከሦስት ሳምንት በፊት ከኦቦክ በጀልባ ወደ የመን ሄደ፤ ጀልባዋ ተገለበጠች የሚል ወሬ ተከትሎ መጣ። ማዶ ያለ አንድ ያገሯ ልጅ፣ ባሕሩ ከተፋቸው መሀል ፊቱ የማይለይ የአንዱን ሸሚዝ ፎቶ አንስቶ፣ የራሱ ሰው ይለየው ብሎ ወደ ቸሩ አድራሻ ልኳል። ጉታ ለብሶት የሄደውን ሸሚዝ የገዛችለት እሷ ናት። ሁለት አንድ ዓይነት ገዝታ ሌላውን ለራሷ አደረገችው፤ አሁንም ለብሳዋለች። ቢጫ ነው።

"ቢጫ ምን አስመረጠሽ?" ብሏት ነበር ቅድም፣ ዝም ከማለት።

"ባሕር ላይ ከሩቅ እንዲታይ።"

አሁን ግን መጠበቅ አቃታት። "ይክፈቱልኝ በቃ፤ እንዳለ ልየው" አለች።

ከፈተላት። እጅጌዎቹን ዘርግቶ አሸዋ ላይ የተነጠፈ ሸሚዝ ነው። አሸዋው ሣር መስሏል። ሸሚዙ አረንጓዴ ነው።

ሲምቦ አፏን በእጇ ያዘች። ከዚያ ሳቀች። "አረንጓዴ ነው! ጋሼ፣ አረንጓዴ ነው!" የራሷን ሸሚዝ ጫፍ ሳብ አድርጋ ስክሪኑ ላይ ለጠፈችው። "ይኸው! ይመሳሰላል?"

ቸሩ ወደ ስክሪኑ ጠጋ አለ። ፎልደሮቹን አየ። ሸሚዙ የእውነት አረንጓዴ ሊሆን ይችላል፤ ቢጫም ሊሆን ይችላል። ይህ ስክሪን ሁለቱን አይለይም።

"ለእማዬ ልደውልላት!" ብላ በመስታወት ወደታጠረችው የስልክ ክፍል ገብታ በሩን ዘጋች።

ቸሩ እጁን ከስክሪኑ ጀርባ ሰደደና ገመዱን ቆልመም አድርጎ ተጫነው። ስክሪኑ ብልጭ አለ። ፎልደሮቹ ቢጫ ሆኑ። አሸዋው አሸዋ ሆነ። ሸሚዙም ቢጫ ሆነ።

በመስታወቱ ውስጥ ሲምቦ እየሳቀች እንባዋን ትጠርጋለች። መርዶ እንዲህ አይነገርም። የአባቱን መርዶ የነገሩት ሽማግሌዎች ገና ጎህ ሳይቀድ አምስት ሆነው ነው የመጡት፤ አንዱ ሊደግፈው፣ አንዱ ውሃ ሊያቀምሰው። በጠራራ ቀትር፣ ስልክ ይዛ ለምትስቅ ልጅ፣ አንድ ብቻውን የቆመ ሰው ምን ብሎ ይነግራታል? ነገ ማለዳ የቤት ጓደኞቿን አስቀድሞ፣ ሁለት ትልልቅ ሰው ይዞ ይሄዳል። እስከዚያ ሆድ ይፍጀው። ገመዱን ለቀቀው፤ ሸሚዙ ተመልሶ አረንጓዴ ሆነ።

"እማዬ እልል አለች!" አለች ሲምቦ ስትወጣ። "እኔም ይህንን ብቻ ነበር የምጠብቀው። ዛሬ ማታ የደላላው መኪና ኦቦክ ያደርሰናል፤ ከዚያ መሻገር ነው። ጉታ ማዶ ሆኖ እየጠበቀኝ ይሆናል።"

"ዛሬ?"

"ዛሬ፣ ጋሼ።"

ቸሩ ዘሎ ገመዱን ያዘ። "ቆዪ ልጄ፣ አንድ ጊዜ ቆዪ!" ቆለመመው፣ ተጫነው፣ ነቅሎ ሰካው። አረንጓዴ። ስክሪኑን በጡጫ መታው። አረንጓዴ።

"ስሚኝ ልጄ፣ ስክሪኑ ነው የተበላሸው። እነዚህን ፎልደሮች እያቸው፤ ቢጫ መሆን ነበረባቸው። ሸሚዙም ቢጫ ነው። አሁን አንቺ ስትደውዪ በዓይኔ አይቼዋለሁ። በማርያም! ዋላሂ!"

ሳቋ ቀስ እያለ ከፊቷ ጠፋ። "ቅድም መስመሩ ነው አላሉኝም?"

"ብዬሻለሁ። ዝም ብዬ ነው ያልኩት፤ አላሰብኩበትም።"

"እንዳልሄድ ብለው ነው" አለች። "ያየኝ ሁሉ አትሂጂ ይለኛል። ስለ ፎልደሩ እኔ አላውቅም። ሸሚዝ ግን አውቃለሁ።"

"እዚሁ ሜኔሊክ አደባባይ ሌላ ኢንተርኔት ቤት አለ፤ ነይ እዚያ እንየው። አሥር ደቂቃ!"

"ማየት ማመን ነው፤ አየሁ።" ተቀይማው ሳይሆን አዝናለት እጁን ነካ አደረገችው። "አይክፋዎት ጋሼ። ስደርስ እደውልልዎታለሁ።"

ወጣች። ቸሩ በሩ ላይ ቆሞ ስሟን ሁለቴ ጠራ። ልከተላት አለ፤ ሄዶስ ምን ሊያሳያት ነው? ከደጃፉ አላለፈም። ሰው ሁሉ ከሙቀቱ ሸሽቶ ቤቱ ገብቶ ስለነበር መንገዱ ጭር ብሏል። ሲምቦ ወደ አሮጌው ባቡር ጣቢያ በሚወስደው መንገድ እየራቀች ሄደች፤ ፊቷም ኋላዋም የማይለይበት ርቀት ላይ ደረሰች። ሸሚዟ ግን አሁንም ጥርት ብሎ ይታያል።