የማዕድ ቤቷ ሴትዮ

ሚጣ የዋጠችውን ኪኒን እንደገና አስመለሳት። አባቷ አፏን ጠርጎ ሶፋው ላይ ያጋድማታል፤ አንገቷ አልጸና ብሎ ክንዱ ላይ ያዘነብላል። ግንባሯ ይፋጃል፣ እጆቿ ግን በረዶ ናቸው።

ከኩላሊቶቿ በላይ ያሉት እጢዎች ሥራቸውን አይሠሩም። ሌላው ልጅ ሲታመም ሰውነቱ የሚያመነጨውን ሆርሞን እሷ የምታገኘው ከኪኒን ነው። ኪኒኑ ካልረጋላት ያለው መርፌ ብቻ ነው። መርፌው ቁም ሳጥን ውስጥ አለ፤ መውጋቱን የምታውቀው እናቷ ደግሞ ሥራ ላይ ናት። አምቡላንሱ «መንገድ ላይ ነን» ብሏል። መንገዱ የት ድረስ እንደሆነ ግን አልነገሩትም።

ስልኩን ይከፍታል። ቀድሞ ብቅ የሚለው ነጭ ጋዋን የለበሰ ሰው ቪዲዮ ነው። «ወላጆች ሆይ፣ አትደንግጡ። ያስመለሰው ሆድ ይረፍ። መርፌውን እስከ ማታ አቆዩት።» አፉ ቅቤ ነው። «የተማረ ሰው እንዲህ ነው!» ብሎ ለዘመድ አዝማድ ሁሉ ያዳረሰው አባትየው ራሱ ነበር።

የሚጣን ከንፈር ያያል። አመድ መስሏል። እስከ ማታ?

ሚስቱ መውጋት የተማረችበትን ቪዲዮ ይፈልጋል። እንደ ሚጣ ያለች ልጅ ያላት አንዲት እናት፣ ከኋላዋ ድስት እየተንተከተከ፣ ማዕድ ቤቷ ውስጥ የቀረጸችው ነው። በቦታው አንድ መስመር ብቻ አለ፦ «በተመልካቾች አቤቱታ ተነሥቷል።»

አቤቱታው የማን እንደሆነ ያውቃል። የኮሌጅ መምህር ነው፤ ጋዜጣ ላይ አስመሳይ ሐኪሞችን የሚያብጠለጥልበት አምድ አለው። «ሕክምና ከመቼ ወዲህ ነው ጓዳ የገባው? ይህችን ሴትዮ ካላስወረድን ተምረናል አንበል!» ብሎ ተማሪዎቹን ያዘመተው እሱ ነው። ቪዲዮውን ግን እስከ መጨረሻው አላየውም።

ለሚስቱ ይደውላል።

«ምን ሆነች?» የስፌት መኪናዎቹ ጩኸት ድምፅዋን ይውጠዋል።

«ኪኒኑ አልረጋ አላት። ዝላለች።»

«መርፌውንስ?»

«አላውቅበትም።»

«የሴትዮዋን ቪዲዮ ክፈተዋ!»

«የለም። ወርዷል።»

«ማነው የተረገመ ያወረደው?» መርፌውን ከቁም ሳጥኑ ያወጣል። «ተወው በቃ። ስልኩን ጮክ አድርገህ አስቀምጠው። እጅህን ታጠብክ?»

«ታጠብኩ።»

«ውሃውን በመርፌው ሳበውና ዱቄቱ ላይ ጨምረው። እስኪጠራ ቀስ አድርገህ አዙረው። ቀስ! ሴትዮዋ ‹ሽሮፕ አይደለም አትነቅንቁት› ትላለች።»

«ጠራ።»

«ነርሷ እስካሰመረችው ድረስ መልሰህ ሳበው፤ አየሩን አስወጣ። አሁን የጭኗ መሀል፣ በውጭ በኩል። ቀጥ አድርገህ።»

«እጄ ይንቀጠቀጣል።»

«ይንቀጥቀጣ! የሴትዮዋም ይንቀጠቀጥ ነበር። ‹እጃችሁ እስኪረጋ አትጠብቁ፣ ልጁ አይጠብቅም› ነው ያለችው። አገር ምድሩን ስትሞግት የምትውል ሰውዬ፣ አንዲት መርፌ ልትፈራ ነው? በል!»

ይወጋታል። እስኪያልቅ ይገፋል። ሚጣ ፊቷን አኮማትራ ትጮኻለች።

«አባዬ ክፉ!»

«ልክ ነሽ የኔ እናት» ይላታል፤ ጥጡን ጭኗ ላይ ይጫናል።

«አለቀሰች?»

«አለቀሰች።»

«ተመስገን! ታልቅስ!» የመኪናዎቹ ጩኸት ጠፍቷል፤ አሁን የሚሰማው የእግር ኮቴና ትንፋሽዋ ነው። ወደ ሐኪም ቤቱ እየሮጠች ነው። የአምቡላንሱም ጩኸት ከታች፣ ከመንገዱ ይሰማል።

«ስማኝ» ትላለች እያለከለከች። «ያቺን ሴትዮ ፈልገን እናመስግናታለን። አንተ ነህ የምትጽፍላት፤ እዚያው ጋዜጣ ላይ፣ አምድህ ላይ። ላንተ ብዕር ማን ይችላል!»

አፉን ይከፍታል።

«እሺ» ይላል።

ሚጣ እያቃሰተች ጣቱን ልታነሣ ትታገላለች። ደሙ ቆሟል። በሩ ይንኳኳል። እሱ ግን ጥጡን እንደተጫነ ነው።